እርጥበት የሚፈሩ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ከብየዳ በፊት ስለሚያዙበትና ስለሚከማቹበት ሁኔታ

ቡና ላኪ የሆነ ነጋዴ የእርጥበትን ነገር ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። የቡናው እርጥበት ከ12.5 በመቶ ያለፈ እንደ ሆነ በመርከብ ውስጥ ሻግቶ እንደሚደርስ፣ ዋጋውም እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ፣ ከመጫኑ በፊት አስለክቶ ያረጋግጣል። የስሚንቶ ነጋዴም ከረጢቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በሳንቃ ላይ ይደረድራል። ስኳርና ጨው የሚሸጠው ባለሱቅ በክረምት ወራት ዕቃውን ከግድግዳ ያርቃል። የእነዚህ ሸቀጦች ጉዳት በዓይን ይታያል፤ በእጅም ይዳሰሳል። በኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ዘንድ ግን እርጥበት የሚገባው ሳይታይ ነው፤ ጉዳቱም የሚገለጸው ዕቃው ከአስመጪው እጅ ወጥቶ፣ በባለሱቁ በኩል አልፎ፣ በሠራተኛው ምድጃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጠጋኞችንና መሐንዲሶችን ለማስተማር አይደለም፤ እነርሱ ይህንን ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። የተዘጋጀው ዕቃውን ለሚያዝዙ፣ ከጉምሩክ ለሚያወጡ፣ በመጋዘን ለሚያኖሩና በችርቻሮ ለሚሸጡ ነጋድያን ነው።

በቅድሚያ የዕቃውን ተፈጥሮ እንመልከት። በገበያ «አይሲ» ወይም «ቺፕ» እየተባለ የሚጠራው ትንሽ ጥቁር ዕቃ ከላይ ሲታይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ይመስላል። ውስጡ ግን ከሲሊኮን የተሠራ ቀጭን ገጽ፣ ከፀጉር የቀጠኑ የወርቅ ወይም የመዳብ ሽቦዎች፣ እነዚህንም የሚሸከም የመዳብ ሰሌዳ አለበት። በዙሪያው ያለው ጥቁር አካል ኢፖክሲ ከተባለ ሙጫና ከደቀቀ አሸዋ መሰል ዱቄት የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ውሃ ቢፈስስበት አያስገባም፤ በአየር ውስጥ ያለውን የውሃ ተን ግን ቀስ እያለ ይመጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተኑ እስከ ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል። በሴራሚክ ወይም በብረት ታሽገው የሚሠሩት ውድ ዓይነቶች ይህ ችግር የለባቸውም፤ በብዛት የሚሸጡት ግን ባለ ፕላስቲኮቹ ናቸው። ከአይሲም ሌላ፣ አያሌ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችና አንዳንድ ዓይነት ካፓሲተሮች በዚሁ ክፍል ይቆጠራሉ። ተራው ሬዚስተር ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ሥጋት የለበትም።

እርጥበቱ በውስጡ ተቀምጦ ሳለ ዕቃው አይበላሽም። ችግሩ የሚመጣው በብየዳ ጊዜ ነው። በቀድሞው አሠራር የዕቃው እግሮች በቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ከሥር በኩል ብቻ ስለሚበየዱ፣ ጥቁሩ አካል ይህን ያኽል አይግልም ነበር። እግሩ በቦርዱ ገጽ ላይ ተለጥፎ የሚበየደው ዓይነት ከመጣ ወዲህ ግን፣ ዕቃው ከነሙሉ አካሉ ከቦርዱ ጋራ ወደ ምድጃ ይገባል። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ የከለከለበት ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጸና በኋላ ግን፣ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ከቆርቆሮ፣ ከብርና ከመዳብ ወደ ተቀላቀለው ብየዳ ተዛወሩ። ይህም የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ የዕቃው አካል በምድጃው ውስጥ እስከ 245፣ አንዳንዱም እስከ 260 ዲግሪ ይደርሳል።

በዚህ ሙቀት ምን እንደሚሆን ለመረዳት ከቡና ሥርዓታችን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈንድሻ የምታዘጋጅ እመቤት ደረቅ በቆሎ በጋለ ብረት ላይ ስታደርግ፣ በፍሬው ልብ ያለችው ጥቂት ውሃ ተን ትሆናለች፤ ተኑም መውጫ ቢያጣ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ውሃ ወደ ተንነት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋልና። በአይሲም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ መሐንዲሶቹ ራሳቸው በቋንቋቸው ፈንድሻ ብለው ይጠሩታል። ፕላስቲኩ ከሲሊኮኑ ገጽ ይላቀቃል፤ ያብጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ተሰንጥቆ ድምፅ ያሰማል።

የተሰነጠቀው እንኳ ደግ ነው፤ ጥፋቱ ይታያልና ወዲያው ይጣላል። እጅግ የሚያስፈራው ሳይሰነጠቅ በውስጡ የተላቀቀው ነው። ይህ ዓይነቱ በፋብሪካው ፈተና ያልፋል፤ መብራቱም ይበራል፤ ሬዲዮውም ይናገራል። ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ግን፣ መሣሪያው በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ቀጭኑ ሽቦ እየተሳበ ይበጠሳል። ያን ጊዜ ገዢው የሚወቅሰው የውጭውን ፋብሪካ ወይም የአየሩን ሁኔታ አይደለም፤ ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ ነው።

በዚህ ጸሓፊ መዝገብ ውስጥ ያለ አንድ ጉዳይ ነገሩን ያስረዳል። በካርቶን ታሽገው በደኅና የገቡ ለፀሓይ ፋኖስ መሥሪያ የሚሆኑ የኤል.ኢ.ዲ. ጥቅሎች በአንድ የኪራይ መጋዘን ገቡ። ወሩ ነሐሴ ነበር። የመጋዘኑ ዕቃ ጠባቂ ታማኝና ትጉህ ሰው ነውና፣ ቁጥሩን በሚገባ ለማረጋገጥ ሲል የብር ቀለም ያላቸውን ከረጢቶች ሁሉ በመቀስ ቀድዶ አንድ በአንድ ቆጠረ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ጥቅሎቹም እንደ ተከፈቱ ሦስት ሳምንት በመደርደሪያ ላይ ቆይተው ለፋኖስ ሠሪው ተሸጡ። በጥቅምት ፋኖሶቹ መመለስ ጀመሩ። ለውጭው ሻጭ የካሣ ደብዳቤ በተጻፈለት ጊዜ፣ መልሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ከረጢቱ የተከፈተበት ቀንና ሰዓት መቼ ነው፣ በተከፈተበትም ጊዜ የካርዱ ቀለም ምን ነበር የሚል ነው። ይህን የመዘገበ ሰው ስላልነበረ ካሣው ቀረ፤ ጉዳቱንም የንግዱ ቤት ተሸከመው።

ስለ ሆነም ከረጢቱ ምን እንደሚነግረን ማወቅ ይገባል። ጄዴክና አይፒሲ የተባሉት የዕቃ ደረጃ መዳቢ ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ እርጥበት የሚፈሩ ዕቃዎች በደረጃ ተከፍለዋል። ደረጃውም በከረጢቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ደረጃ 1 የሆነው ዕቃ እርጥበት ይህን ያኽል የማያሳስበው ነው። ደረጃ 2 ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ዓመት፣ 2ሀ አራት ሳምንት፣ ደረጃ 3 ደግሞ 168 ሰዓት፣ ማለት ሰባት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጊዜው በጣም ያጥራል፤ ደረጃ 4 የሚቆየው 72 ሰዓት፣ ደረጃ 5 ደግሞ 48 ሰዓት፣ 5ሀ ግን 24 ሰዓት ብቻ ነው። ደረጃ 6 የሆነው በማናቸውም ጊዜ ቢሆን ሳይደርቅ አይበየድም። በገበያችን ከሚያልፉት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ደረጃ 3 ነው፤ ስለዚህ ሌላው ቢረሳ እንኳ 168 የሚለው ቁጥር ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ሰዓት የሚታሰበው የክፍሉ ሙቀት ከ30 ዲግሪ፣ የአየሩም አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ያልበለጠ እንደ ሆነ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ስለ ሆነች ሙቀቱ አያሳስብም። በሐምሌና በነሐሴ ግን የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ይወጣልና፣ «አገራችን ደረቅ አየር ነው» የሚለው አባባል ለእነዚህ ወራት አይሠራም። ዋጋው አነስተኛ የሆነ የእርጥበት መለኪያ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ መስቀል ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። በበጋ ደግሞ ሌላ ጠላት ይመጣል፤ አየሩ እጅግ ሲደርቅ በሰው ልብስና እጅ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን ያቃጥላል። የብር ቀለም ያለው ከረጢት ከዚህም ስለሚከላከል፣ ዕቃውን አውጥቶ በተራ ፌስታል ማድረግ በሁለት በኩል ጉዳት ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ከዕቃው ጋራ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው እርጥበት የሚመጥጥ ዱቄት ወይም ፍሬ የያዘ ትንሽ ቋጠሮ ነው። ሁለተኛው ክብ ነጥቦች ያሉበት ካርድ ነው፤ በነጥቦቹም አጠገብ 5፣ 10 እና 60 በመቶ የሚል ተጽፎአል። በአንዳንዱ ካርድ ነጥቡ ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲረጥብ ሐምራዊ ቀይ ይሆናል፤ ኮባልት የሌለባቸው አዲሶቹ ካርዶች ሌላ ቀለም ስላላቸው፣ በካርዱ ላይ የታተመውን ማብራሪያ ማየት ይገባል። አነባበቡ ይህ ነው፤ ከ2ሀ እስከ 5ሀ ላሉት ደረጃዎች የ5 በመቶው ነጥብ ረጥቦ የ10 በመቶውም ደረቅ ካልሆነ፣ ዕቃው ከመበየዱ በፊት መድረቅ አለበት። ለደረጃ 2 ግን የሚታየው የ60 በመቶው ነጥብ ነው። ካርዱ ከረጢቱ በተከፈተበት ቅጽበት መታየት አለበት፤ በክፍሉ አየር ላይ ጥቂት ከቆየ ስለ ክፍሉ እንጂ ስለ ከረጢቱ አይናገርም። ቢቻል በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሰነዱ ጋራ ማያያዝ ነው፤ የካሣ ጥያቄ ቢመጣ ከብዙ ገጽ ደብዳቤ ይልቅ ይህ አንድ ፎቶግራፍ ይጠቅማል።

በወረቀቱ ላይ የታሸገበት ቀንም ይገኛል። በሙቀት ከ40 ዲግሪ፣ በእርጥበት ከ90 በመቶ በታች በሆነ ቦታ ያልተከፈተ ከረጢት ቢያንስ 12 ወር ይጠብቃል ተብሎ ይታሰባል። 12 ወር አለፈው ማለት ግን እንደ መድኃኒት ጊዜው አልፎበታልና ይጣል ማለት አይደለም። ተከፍቶ ካርዱ ደረቅ መሆኑን ካሳየ ሊሠራበት ይቻላል። አንዳንድ ገዢዎች ይህን ቀን እያሳዩ ዋጋ ለማስቀነስ ስለሚሞክሩ፣ ባለሱቁ ይህን ልዩነት ማወቁ ገንዘቡን ያድንለታል።

ከእኛ አገር መልክዓ ምድር የሚመጣ አንድ ጥያቄም አለ። ከረጢቱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲገኝ ብዙዎች አየር ገብቶበታል ብለው ይጥሉታል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያኽል ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ አጠገብ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ከረጢት በውስጡ የቀረችው ጥቂት አየር እዚህ ሲደርስ ትሰፋለች። እንዲያውም የተነፋ ከረጢት አለመቀደዱን ያስመሰክራል። በአንጻሩ ደግሞ አየሩ ፈጽሞ ተመጥጦ በዕቃው ላይ እንደ ቆዳ የተጣበቀ ከረጢት ጥሩ ቢመስልም፣ በጥቅሉ ጠርዝ እየተወጋ ይበሳል፤ መመሪያውም አየሩ ሙሉ በሙሉ እንዲመጠጥ አይመክርም።

አሁን ወደ ንግዱ ሥራ እንመለስ። አስመጪው ጥንቃቄውን የሚጀምረው ከወደብ ሳይሆን ከትእዛዝ ደብዳቤው ነው። ፕሮፎርማው ሲጠየቅ የዕቃው የእርጥበት ደረጃ እንዲጻፍ፣ ዕቃውም በፋብሪካው ከረጢት እንደ ታሸገ እንዲላክ፣ ከታሸገበትም ቀን ጀምሮ ያለፈው ጊዜ ስንት ወር እንዳይበልጥ ተገልጾ መጻፍ አለበት። ይህ በውሉ ካልተጻፈ በኋላ መጠየቅ አይቻልም። ሁለተኛው ነገር የጥቅሉ መጠን ነው። ችርቻሮ ገበያ የሚያቀርብ ሰው 5,000 ፍሬ በአንድ ከረጢት ከሚያስመጣ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ አንዱን ሲከፍት ሌሎቹ እንደ ታሸጉ ይቆዩለታልና።

ዕቃው ከምሥራቅ እስያ በመርከብ እስከ ጅቡቲ ሲመጣ ሞቃትና እርጥብ የሆነ ባሕር ያቋርጣል። በኮንቴይነር ውስጥ ሌሊት ጣራው ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውሃ ተለውጦ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። ከረጢቱ ይህን ይችለዋል፤ ካርቶኑ ግን ርሶ ሲፈርስ ከረጢቱ ይወጋል። ስለዚህ ካርቶኑ ርጥብ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ከመፈረም በፊት በሰነዱ ላይ ማስመዝገብና ለመድን ድርጅቱ ማስታወቅ ግድ ነው።

እጅግ የሚያስቸግረው ግን የጉምሩክ ፍተሻ ነው። ፈታሹ ግዴታውን የሚፈጽም ሰው ስለ ሆነ አይወቀስም፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ካላየ ምን ብሎ ይፈርማል? መፍትሔው ትራንዚተሩ አስቀድሞ እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ካርቶኑ ይከፈት፤ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ዓይነትና ቁጥር ከፋክቱሩ ጋራ ይመሳከር፤ ማየት ግድ የሆነ እንደ ሆነ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ይከፈት። ሲከፈትም በመሐል ሳይሆን በላይኛው ጫፍ በእሽጉ ሥር ይቆረጥ፤ እንደገና ለማሸግ ቦታ እንዲተርፍ። ቀኑና ሰዓቱም ወዲያው በማይለቅ ቀለም በከረጢቱ ላይ ይጻፍ። አንድ ገጽ የማይሞላ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ መለጠፍ አስመጪውን ብዙ ወጪ አያስወጣውም።

የተከፈተ ከረጢት ሰዓቱ መቍጠር ጀምሮአል። ደረጃ 3 የሆነ ዕቃ ሰኞ ጧት በ3 ሰዓት ቢከፈት፣ ጊዜው የሚያልቀው በሚቀጥለው ሰኞ ጧት በ3 ሰዓት ነው። በመካከሉ በአዲስ መጣጭ ቋጠሮ ቢታሸግ ቍጥሩ ይቆማል፤ ለምሳሌ 20 ሰዓት ከቆየ በኋላ የታሸገው፣ ኋላ ሲከፈት የሚቀረው 148 ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ለአጭር ጊዜ ለተከፈተ ዕቃ አንድ ምሕረት አለ። ደረጃ 2፣ 2ሀ ወይም 3 የሆነ ዕቃ ከላይ በተጠቀሰው የክፍል ሁኔታ ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ከቆየ፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በማይበልጥ ደረቅ ሣጥን ውስጥ የቆየበትን ጊዜ አምስት እጥፍ ቢቀመጥ፣ ሰዓቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይቈጠርለታል። በጉምሩክ ሁለት ሰዓት የተከፈተ ዕቃ በደረቅ ሣጥን ውስጥ አሥር ሰዓት ካደረ ዳነ ማለት ነው። እንግዲህ ሰዓቱን መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል፤ ሁለት ሰዓት መሆኑን ያልጻፈ ሰው አምስት እጥፉን ከየት ያመጣል?

መጣጩን ቋጠሮ በሚመለከት በገበያ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ከጫማ ሣጥን የወጣውን የሲሊካ ቋጠሮ ሰብስቦ ከአይሲ ጋራ መጨመር ነው። ያ ቋጠሮ ለወራት አየር ሲመጥጥ የኖረ ስለ ሆነ ጠግቦአል፤ ከመጥቀም ይልቅ እርጥበቱን ለዕቃው ሊሰጥ ይችላል። ደኅናው ቋጠሮ እንኳ ከከረጢቱ ወጥቶ ከ30 ደቂቃ በላይ በአየር ላይ ከቆየ መለወጥ አለበት።

ጊዜው ያለፈበት ዕቃ በማድረቅ ይመለሳል፤ ነገር ግን ይህን ሥራ ባለሱቁ በራሱ ባይጀምረው ይመረጣል። ውፍረቱ ከ1.4 ሚሊሜትር ያልበለጠ ደረጃ 3 ዕቃ ጊዜው ከ72 ሰዓት በላይ ያለፈበት እንደ ሆነ፣ በ125 ዲግሪ 9 ሰዓት፣ ወይም እርጥበቱ ከ5 በመቶ ባልበለጠ አየር በ90 ዲግሪ 33 ሰዓት፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ 13 ቀን ይፈጅበታል። በጥቅል ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ያለ ዕቃ 125 ዲግሪ ውስጥ ቢገባ ጥቅሉ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ወይ ከጥቅሉ ይወጣል፣ ወይ 13ቱን ቀን ይጠብቃል። አብዝቶ ማድረቅም እግሮቹን ያዝጋል፤ የዛገ እግር ደግሞ ብየዳ አይቀበልም። ከ90 እስከ 125 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚደርቅበት ጊዜ ተደምሮ ከ96 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ዳቦ የሚጋገርበት ፎርኖ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሙቀቱ አይታመንም፣ ከፕላስቲክ የሚወጣውም ሽታ ለምግቡ አደጋ ነው።

በመርካቶ በፍሬ እየቆረጡ የሚሸጡ ባለሱቆች ሁሉንም በከረጢት ማኖር እንደማይችሉ የታወቀ ነው። ገዢው ሊያይ ይፈልጋል፤ የመስታወት ሣጥኑም ለዚያ ነው። ይሁንና ለማሳያ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ፣ የሚሸጠውን በታሸገው ከረጢት ማቆየት ይቻላል። ከመስታወቱ ለሚሸጠው ደግሞ ደረጃውንና የተከፈተበትን ቀን የያዘ ትንሽ ወረቀት አብሮ መስጠት ይገባል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ጠጋኝ በሙቅ አየር አይሲ የሚለውጥ እንደ ሆነ፣ ይህ ወረቀት አስቀድሞ ማድረቅ እንዳለበት ይነግረዋል። የስልኩ ቦርድ ራሱም ለዓመታት እርጥበት የመጠጠ ስለ ሆነ፣ በአጠገቡ ያሉት ደኅና አይሲዎች ከሙቅ አየሩ የተነሣ ሊያብጡ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ «አንዱን ሠርቶ ሌላውን አበላሸው» እየተባለ ጠጋኙ የሚታማበት ምክንያት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ጥቅሉን በሙሉ ለሚገዛ ደንበኛ ግን ከረጢቱ፣ መለያ ወረቀቱና ካርዱ ሳይነጠሉ አብረው ይሰጡት፤ በደረሰኙም ላይ «ከረጢቱ ሳይከፈት ተረክቤአለሁ» የሚል ቃል ተጨምሮ ይፈረምበት።